የሞግዚቷ ልጅ

ቴአትር ቤት ስገባ አንድ አጉል አመል አለብኝ፤ መድረኩን ትቼ ሰዉን አያለሁ። ባለቤቴ በዚህ ነገር ሁሌ ትነጫነጫለች። "ትኬት የቆረጥነው የሰው ፊት ልናይ ነው እንዴ? የሰው ፊት ከሆነ ያማረህ ፒያሳ ቁጭ ብለህ በነፃ እየው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን አመል ሆነና አልለቅ አለኝ። የአዳራሹ መብራት ሲጠፋ ከመድረኩ የሚመለሰው ብርሃን የፊተኞቹን ረድፎች በትንሹ ያሳያል። እዚያ የሚታየው ነገር አንዳንዴ ደራሲው ከጻፈው ይበልጥብኛል።

ምን ይታያል? ሰው የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ እንደሚያጉረመርም፣ የት ላይ ጭጭ እንደሚል። አንድን ሰው "ምን ታምናለህ?" ብላችሁ ብትጠይቁት ያደገበትን ይነግራችኋል። ሰው ሁሉ የእግዜር ፍጥረት ነው፣ ድሃ አይናቅም፣ እናት ክብር ይገባታል ይላችኋል። ውሸቱን አይደለም፣ ከልቡ ነው። ሳቅ ግን ሳያስቡት ያመልጣል። በመቶ የሚቆጠር ሰው ባንድ ጊዜ ሲስቅ ደግሞ ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም፣ ማንም ማንንም አላግባባም። እንዲህ ያለ ቅን ምስክርነት ፍርድ ቤት እንኳን የሚገኝ አይመስለኝም።

በ1999 ዓ.ም. አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከባለቤቴ ጋር አንድ የቤተሰብ ኮሜዲ አየን። የተውኔቱን ስም አልጠራም፤ በምናገረው ነገር ጥፋቱ የተውኔቱ አይደለምና። ታሪኩ ስለ አንድ ገንዘብ ያገኘ ነጋዴና ስለ ባለቤቱ ነው። ባልየው ከመንገድ ሲመለስ ሚስቱን አንገቷን አቅፎ ይስማታል። ረዘም ያለ ስሞሽ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ "ኧረ ነውር ነው! ልጆች አሉ እኮ!" አሉ። "በእውነት!" እያለ ያጀባቸው ሰው ብዙ ነበር። ከፊታችን አንዲት እናት የልጇን ዓይን በእጇ ሸፈነች።

ከዚያ ትዕይንት አምስት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ የቤት ሠራተኛዋ የቡና ረከቦት ይዛ ገባች። ተደናቀፈች። ሲኒዎቹ ተበተኑ። እመቤቲቱ ተነሥታ በጥፊ አጮለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋቢ የለበሱት ሰውዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዓይኑን የተሸፈነው ልጅ አሁን ማንም የሚሸፍንለት የለም፤ እናቱ ራሷ እጇን ለጭብጨባ ፈልጋዋለች። እኔ? እኔማ አጠገባቸው ነኝ። ምን ያህል እንደሳቅሁ የቀኝ ጎኔ ያውቃል።

እንግዲህ ቆም ብዬ ያሰብኩት በኋላ ነው። ባልና ሚስት በፍቅር ሲሳሳሙ ነውር ሆነ፣ አንድ ሰው ሌላውን ሰው በጥፊ ሲመታ መዝናኛ ሆነ። ሁለቱን እንፈትናቸው ብላችሁ በየትኛውም የሃይማኖት ሚዛን፣ በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ አስቀምጧቸው። መልሱ የተገላቢጦሽ ይመጣባችኋል። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ግን ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ደጅ ላይ ለቆመ የኔ ቢጤ ሳንቲሙን ሰጥቶ የመጣ ሰው ነው።

ነገሩ የኛ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትሸማቀቁ ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1907 ጃንዋሪ መጨረሻ፣ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን፣ አቤይ በሚባለው ቴአትር ቤት አንድ አዲስ ተውኔት ተከፈተ። ደራሲው ጆን ሚሊንግተን ሲንግ ይባላል። የተውኔቱን ስም ወደኛ ብንመልሰው "የምዕራቡ አገር ጉብል" እንደማለት ነው። አንድ ምስኪን ወጣት ከሩቅ አገር ሸሽቶ ወደ አንድ የገጠር መጠጥ ቤት ይገባል። ምን ሆነህ ነው ሲሉት "አባቴን በአካፋ ገደልኩት" ይላል። ፖሊስ የሚጠራ ጠፋ! እንዲያውም መንደርተኛው ጀግና አደረገው። ኮረዶቹ እንቁላልና ቅቤ ይዘው ሊያዩት ይጎርፉ ጀመር። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ልጅ ልታገባው ወሰነች። በኋላ ግን አባትየው ጭንቅላቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በሕይወት ከች ይላል። ልጅየው ጀግንነቱ እንዳይቀርበት አባቱን እደጃቸው ላይ እንደገና ሲመታው ያ ሲያደንቀው የነበረ መንደር በገመድ አስሮ ሊያንቀው ተነሣ። በወሬ ሲሰሙት ጀብዱ የነበረው በዓይን ሲያዩት ወንጀል ሆነ።

እስኪ ገምቱ፣ የደብሊን ሕዝብ በምኑ ተቆጣ? አባት በመገደሉ አይደለም። ሁለቱን ገቢሮች በሰላም ነው ያየው። ረብሻው የፈነዳው በሦስተኛው ገቢር ወጣቱ በንግግሩ መካከል ሴቶች ከቀሚስ ሥር የሚለብሱትን ልብስ ስም ሲጠራ ነው። አንዲት ቃል! ጩኸቱ ተዋንያኑን እስኪያሰጥም ድረስ ሆነ። ቀጥሎ ባሉት ምሽቶች ቴአትሩ የታየው ፖሊስ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ነው። እውነቱን ለመናገር የሰዎቹ ቁጣ ሌላም ሥር ነበረው። አገራቸው በእንግሊዝ ቀንበር ሥር ናት፤ እንግሊዞቹ አይሪሾችን እንደ አራዊት እየሳሉ ሲሳለቁባቸው ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ የገዛ ቴአትር ቤታቸው ገበሬያቸውን የገዳይ አድናቂ፣ ሴቶቻቸውን ስድ አድርጎ ሲያሳያቸው እንዴት አይቆጡ? ይህን አልነፍጋቸውም። ሆኖም ያ ሁሉ ቁጣ መውጫ ቀዳዳ ሲፈልግ ያገኘው ነፍስ ማጥፋትን ሳይሆን የውስጥ ልብስን ነው። ሲንግ በመድረክ ላይ የሠራው መንደር ከመድረክ በታችም ቁጭ ብሎ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ተውኔቱን እውነት ያደረገለት ሰው የለም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ የሚያቀርበኝን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን የኖርዌዩን ጸሐፌ ተውኔት የሄንሪክ ኢብሰንን "የአሻንጉሊት ቤት" አንብበን ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የተከራከርንበት ጊዜ ነበር። ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1879 ዲሴምበር ኮፐንሃገን ውስጥ ነው። ኖራ የምትባል የሦስት ልጆች እናት ባሏ በጠና ታሞ ሳለ እሱን ለማዳን የአባቷን ፊርማ አስመስላ ፈርማ ገንዘብ ተበድራለች። ባልየው ከዓመታት በኋላ ሚስጥሩን ሲደርስበት የጨነቀው የራሱ ስም ብቻ ነው፤ ሰደባት፣ ልጆቼን ለማሳደግ አትበቂም አላት። አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ወዲያው "ይቅር ብዬሻለሁ" ይላታል። እሷ ግን ያን ጊዜ ማንን እንዳገባች ገባት። ልጆቿንም ቤቷንም ትታ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ይሰማል፤ ተውኔቱ ያልቃል።

አውሮፓ ታመሰ። እናት እንዴት ልጆቿን ጥላ ትወጣለች? ጀርመን አገር አንዲት ስመ ጥር ተዋናይት እኔ ብሆን ልጆቼን አልተውም ብላ መጨረሻውን አልጫወትም አለች። ኢብሰን ሌላ ሰው ከሚያበላሽብኝ እኔው ላበላሸው ብሎ፣ እየመረረው፣ ሌላ መጨረሻ ጻፈ። በዚህኛው መጨረሻ ባልየው ኖራን እየጎተተ ልጆቿ የተኙበት ክፍል በር ላይ ያደርሳታል፤ አይታ ጉልበቷ ይከዳታል፣ እዚያው ትቀራለች። ደራሲው ራሱ ይህን የተውኔቱ መደፈር አድርጎ ነው የቆጠረው።

እኛም ዶርም ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ነበር የምንጨቃጨቀው። ግማሻችን "ልክ ነች"፣ ግማሻችን "እናት አይደለችም"። እኔ በመጀመሪያው ወገን ነበርኩ፤ ተራማጅ ነኝ ባይ ነበርኩና። አንድም ሰው ግን፣ እኔን ጨምሮ፣ ስለ አን ማሪ ያነሣ የለም።

አን ማሪ ማን ናት? የቤቱ ሞግዚት ናት። ኖራን ራሷን ከሕፃንነቷ ጀምራ ያሳደገች፣ አሁን ደግሞ የኖራን ልጆች የምታሳድግ አሮጊት። በሁለተኛው ገቢር ኖራ አንዲት ጥያቄ ትጠይቃታለች፤ የራስሽን ልጅ ለባዕድ ሰጥተሽ ለመምጣት እንዴት አስቻለሽ? ሞግዚቷ ሳታማርር፣ በማይጎረብጥ ድምፅ፣ ደኻና ችግር ላይ የወደቀች ልጃገረድ እንዲህ ያለ ቦታ ካገኘች ደስ ሊላት እንደሚገባ ትመልሳለች። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ጽፋላታለች፤ አንዴ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ማጽናት ስታደርግ፣ አንዴ ስታገባ። በዕድሜ ልክ ሁለት ደብዳቤ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ወሬው ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል። ኖራ በመጨረሻው ሰዓት ልጆቿን ጥላ ስትወጣ የምትጽናናው በምን መሰላችሁ? ልጆቹ ከእኔ በሚሻል እጅ ላይ ናቸው ብላ ነው። ያ የሚሻለው እጅ የአን ማሪ ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ልጃቸውን ትተው የወጡ ሁለት እናቶች አሉ። አንደኛዋ አውሮፓን አንቀጠቀጠች። ሁለተኛዋ ማንንም አላስነጠሰች። እንዲያውም አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጡት ሰዎች ሁለተኛዋ ደግ አሮጊት ናት፣ ታማኝ ናት፣ "የቤት ሰው" ናት። "እናት ልጇን አትተውም" የሚለው ታላቅ ሕግ ኖራን ሲከስ አን ማሪን ሳያያት አልፏል። ለምን? መልሱ ያሳፍራል፤ እሷ የተወችው እኛን ለማሳደግ ስለሆነ ነው።

ይህን ሁሉ ነገር በዩኒቨርሲቲ አላየሁትም ብያችኋለሁ። ያየሁት በዚያው በ1999 ዓ.ም. እሁድ፣ እየሳቅሁ ነው። ጥፊው ካለፈ በኋላ፣ ወደ ተውኔቱ መጨረሻ ገደማ፣ እመቤቲቱ ሥራ ፈትታ ቁጭ ባለችበት ሠራተኛዋን "ለመሆኑ ልጅ አለሽ አይደል? ስንት ዓመቱ ነው?" ትላታለች። ሠራተኛዋ በጣቷ ትቆጥራለች። ትሳሳታለች፣ እንደገና ትጀምራለች። በመጨረሻ "ከማሙሽ በሁለት ወር ይበልጣል እትዬ፤ ማሙሽ ስንት ሆነው?" ትላለች። የገዛ ልጇን ዕድሜ የምታውቀው በእመቤቷ ልጅ የልደት ሻማ ነው። ደራሲው ይህን ሲጽፍ ለማሳቅ ይሁን ለማስለቀስ እኔ አልፈርድም። ተዋናይቷ ግን ያቺን የታወቀች፣ ከየትም አገር ያልሆነች "የገጠር" አነጋገር ስለምታወራ ሰው በአነጋገሯ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አፌ ገና ሳይገጠም አንድ ነገር ደረቴን ወጋኝ። እኛ ቤት ያለችው ሴትዮ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?

እኛ ቤት ያኔ ሰባት ዓመት የኖረች ሠራተኛ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ ፈቃዷን አልጠየቅኋትምና። ትልቋን ልጃችንን ከአራስነት ጀምራ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅ እንዳላት አውቃለሁ፤ እናቷ ጋ ገጠር እንደተወችው አውቃለሁ። በዚያ ዓመት ለፋሲካ አገሯ ልትሄድ ጠይቃን "እንግዳ ይበዛብናል፣ ከበዓል በኋላ ይሁንልሽ" ብለናታል። ከበዓል በኋላ ደግሞ የልጃችን ፈተና ደረሰ። ከፈተናው በኋላ እሷም አላነሣችው፣ እኛም ተመቸን። በዚያው ሰሞን እኔ በዚህ አምድ ላይ ስለ ሰው ልጅ ክብር ሁለት ጽሑፍ ጽፌ ነበር። አንባቢ ስልክ ደውሎ አመስግኖኛል።

ደግሞም ልብ በሉ፣ ያን ቴአትር እኔና ባለቤቴ ጎን ለጎን ተቀምጠን ያየነው በማን ነው? እሷ ልጆቹን ይዛ ቤት ስለቀረች አይደለም? አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ባልና ሚስቶች አብዛኞቹ እንደኛ ናቸው። በመድረኩ ላይ የሚሳቅባት ሴት በየቤቱ ቀርታ ለሳቁ ቦታ ለቃለች።

ማታ ስንገባ ወጥ ቤት ገባሁ። ወጥ ቤት የመግባት ልማድ የለኝም። ቆማ ዕቃ ታጥባለች። "ልጅሽ ማን ነው ስሙ?" አልኳት። እጇን ከውኃው አወጣች። በቀሚሷ አደረቀች። ፊቷ ዓመድ መሰለ።

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

ይቺን መልስ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሌሊት ሰምቻታለሁ። ሰባት ዓመት አብረን ኖረን ስለ ልጇ ስጠይቃት ላባርራት መሰላት። ሌላ ምን ይምሰላት? ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ገብቼ ያነጋገርኳት ዕቃ በጠፋ ቀን ብቻ ነው። ምንም አላጠፋሽም፣ እንዲሁ ነው ብዬ ካረጋጋኋት በኋላ ስሙን ነገረችኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጣት አልቆጠረችም፤ ወርና ቀኑን ጭምር ነው የነገረችኝ። ካየችው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።

በሚቀጥለው ሳምንት የሁለት ሳምንት ፈቃድና የመንገድ ገንዘብ ሰጥተን ላክናት። ይህን የጻፍኩት እንድታመሰግኑኝ አይደለም። እንዲያውም ምን እንዳደረግን ታውቃላችሁ? ለጎረቤት አወራን። "እኛ እኮ ሠራተኛችንን አሥራ አምስት ቀን ከነደመወዟ..." እያልን። መብቷን መልሰን ስንሰጣት እንደ ምጽዋት ቆጠርነው።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ስታባርር የነበረውን ሁኔታ ታስታውሳላችሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። አገር ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ጻፍኩም። "ፓስፖርቷን ቀሟት፣ የዕረፍት ቀን ከለከሏት፣ ወለል ላይ አስተኟት" እያልን ተቆጣን። ቁጣችን ትክክል ነበር፤ እንዲያውም አነሰ። ግን በዚያ ሰሞን አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ፣ ስለ ሳዑዲ ግፍ እያወራን፣ ቡናውን የምታፈላው ልጅ መታወቂያ በቤቱ ጌታ መሳቢያ ተቆልፎበት ነበር። "ተያዥ ስለሌላት ነው" አለኝ። የምትተኛው ወጥ ቤት ነው። እሁድ ታርፋለች ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ቡናው እንዳይበርድብኝ።

ሕጋችንም ከቡናው ጠጪ ብዙ የራቀ አይደለም። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 የቤት ሠራተኛን ከተራው ሠራተኛ ለይቶ፣ ጉዳይሽ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወደፊት በሚያወጣው ደንብ ይታያል ብሎ አለፋት። እሱን የተካው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ሲመጣ ያው አንቀጽ ያው ቀጠሮ ሆኖ መጣ። የፋብሪካው ሠራተኛ የሥራ ሰዓቱ ተቆጥሮለታል። ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ ኋላ የምትተኛዋ ግን "የቤት ሰው" ናት። የቤት ሰው ሰዓት አይቆጠርለትም።

ታዲያ ቴአትር ይህን ሊለውጥ ይችላል ወይ? ብዙ ሰው "ቴአትር አስተማሪ መሆን አለበት" ሲል እሰማለሁ። እኔ በዚህ ነገር ትንሽ እጣላለሁ። በ1990ዎቹና ከዚያም ወዲህ ስንት "አስተማሪ" ድራማ አየን! ክፉው ሰው በመጨረሻው ትዕይንት በፖሊስ ይያዛል፣ ደጋጎቹ ይታረቃሉ፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ምክር ይሰጣል፣ ሰው አጨብጭቦ ይወጣል። ምን ተማረ? አስቀድሞ በአፉ የሚለውን ነገር ተማረ። ሳቁን የነካበት ሰው የለም። ቀድሞ ነገር፣ በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት የሚባለው የተክለሐዋርያት ተክለማርያም "ፋቡላ" በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ለመከልከል የበቃው ምክር ስለሰጠ ይመስላችኋል? መኳንንቱ ምክር ሲሰሙ ነው ያደጉት። አውሬዎች በመድረክ ላይ ሲነጋገሩ እያዩ "ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?" ማለት ሲጀምሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የመንግሥቱ ለማን "ያላቻ ጋብቻ"ም አስቡት። በ1950ዎቹ የተጻፈ ኮሜዲ ነው። ባሕር ማዶ የተማረ የትልቅ ሰው ልጅ ሹመቱን ትቶ ገጠር ይወርድና የቤቱን ሠራተኛ ያገባል። ተመልካቹ "ያላቻ ነው" በሚሉት ዘመዶች ይስቃል፤ በእነሱ ትዕቢት፣ በዘር ቆጠራቸው። እያንዳንዱ ሳቂ ራሱን ከሙሽራው ጎን ያሰልፋል። መንግሥቱ ተንኮለኛ ስለሆነ ግን ለተውኔቱ የሰጠው ርዕስ የሙሽራው ቃል አይደለም፤ የዘመዶቹ ቃል ነው። ትኬት ስንቆርጥ "ያላቻ ጋብቻ ሁለት ስጠኝ" ብለን በገዛ አፋችን የዘመዶቹን ፍርድ እንናገራለን። በዘመዶቹ ስንስቅ አምሽተን ወደ ቤት ስንመለስ በር የምትከፍትልንን ሴት አናይም፤ መጋረጃው ወርዷል።

ወደ 1999 ዓ.ም. ልመለስና ላብቃ። ሠራተኛችን ከአገሯ ተመልሳ፣ ተውኔቱም ገና ከመድረክ አልወረደም ነበርና፣ "ይህቺ ሴትዮ ሰባት ዓመት ስታስቀምጠን አንድ ቀን ቴአትር አይታ አታውቅም" ብለን ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ቀረችና እኔ ይዣት ሄድኩ። አዲስ ነጠላ ለበሰች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ተነሺ የሚላት ያለ ይመስል። እኔ እንደ አመሌ መድረኩን ትቼ እሷን ነበር የማየው። ምናልባት ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንድታለቅስልኝ ፈልጌ ነበር።

ጥፊው ላይ ሳቀች። ከሁሉ ጎልቶ ሳቀች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ግራ ገባኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ኧረ ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የየት አገር ሰው ናት? እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው እኮ የለም!" አለችኝ። የሳቀችው በሠራተኛዋ ሳይሆን በተዋናይቷ ነው፣ ሠራተኛ መምሰል ስላቃታት። ጣት የምትቆጥርበት ቦታ ሲደርስ ግን አዳራሹ ሁሉ ሲንጫጫ እሷ ዝም አለች። ተቆጥታም አዝናም አልነበረም፤ አንድ ነገር እንዳልገባው ሰው ግንባሯን ቋጠረች።

ታክሲ ውስጥ ብዙ አልተነጋገርንም። መገናኛ ስንደርስ ነው የጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ ያ ልጇ መጨረሻ ላይ ምን ሆነ?"

"የማን ልጅ?" አልኳት፤ አሁንም እንኳን።

"የሠራተኛዋ ነዋ።"

አሰብኩ። ነጋዴው ንብረቱን መልሶ አግኝቷል፣ ሚስትየው ታርቃለች፣ ማሙሽ ብስክሌት ተገዝቶለታል።

"ተውኔቱ ላይ የለም" አልኳት።

"እንዴት አይኖርም?" አለችኝ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ረዳቱ ሂሳብ ጠየቀን፣ የሁለታችንንም ከፈልኩ።